ልጅዎን ለባሕር ኃይል

ሀና ማርያም፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቴ አጎት፣ ለእኔም አባባ ለሆኑት ለአባባ አምሐ፤

የጅቡቲ ፀሐይ እንዴት አድርጋ ይዛዎታለች? ጉልበትዎም፣ ዓይንዎም፣ ያ ሞተር የበላው ጆሮዎም በያሉበት ሰላም ይሁኑልኝ። እኛ ጋ ዝናቡ አላባራም። ሰፈራችን ጭቃ ብቻ ስለሆነ ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ አውርዶን ይመለሳል። እማዬ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የምትሰፋበት ወቅት በመሆኑ ከስፌት መኪናዋ ቀና የምትለው ለጸሎትና ለምሳ ብቻ ነው። ሰላም በይልኝ ብላ ሽሮውን በደገፋ እጅ ልካለች። የለቡው ደገፋ፣ የከባድ መኪና ሾፌሩ፣ ይህንንም ደብዳቤ ይዞልዎት ይመጣል። እርስዎ ስልክ የማይሰሙ በመሆንዎ በዚህ ዘመን ደብዳቤ የምጽፍ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እንግዲህ ተመርቄያለሁ አባባ። ሜካኒካል ኢንጂነር ሆኛለሁ። ሰፈሩ ሁሉ "ኢንጂነር" እያለ ይጠራኛል፤ ጎረቤታችን እትዬ ገዲሴ ግን የውሃ ፓምፗ የተበላሸ ቀን እኔን አልፋ ከመካኒሳ አቦ ሠራተኛ አስመጣች። ሥራ ፍለጋ ያልዞርኩበት የለም። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይላል። ሳልሠራ ልምዱን ከየት ላምጣው?

የምጽፍልዎት ግን ላማርር አይደለም። ባለፈው ሳምንት ከጀለሶቼ ጋር ሆኜ ለአዲስ ተመራቂዎች የተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ሄጄ ነበር። የተማረ ሰው መከላከያ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዱ መኮንኖች መጥተዋል። እውነቱን ልንገርዎትና የሄድነው ልንስቅ ነው። ለእኔ ወታደር ማለት ጠመንጃና ከስክስ ጫማ ብቻ ነበር። ከዚያ አንዲት ሻምበል፣ ከእኔ ብዙ የማትበልጥ፣ ተነስታ የአውሮፕላን ሞተር እንዴት ተፈትቶ እንደሚገጠም ስትናገር መሳቁን ተውነው። አንዱ የሠራዊቱ ሆስፒታል ሐኪም ነው፣ አንዱ ድልድይ ይሠራል፣ አንዷ የመገናኛና የኮምፒውተር ሥራ ላይ ናት። ዩኒፎርም ሳይለብሱ፣ በሲቪል ሠራተኛነት ተቀጥረው ማታ ቤታቸው የሚገቡም አሉ።

በመጨረሻ አንድ የባሕር ኃይል መኮንን የትልቅ መርከብ ሞተር ፎቶ አሳየን። ሲሊንደሩ ውስጥ ሰው ቆሟል፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ዘርግቷል፣ ግድግዳው ጋ ግን አልደረሰም። እኔ ሞተር የተማርኩት ወረቀት ላይ ነው፤ ቢበዛ የሚኒባስ ሞተር ነክቻለሁ። ያንን ሳይ ሰውነቴን አንዳች ነገር ወረረኝ።

እርስዎ እንዲህ ካለ ሞተር ጋር ኖረዋል። እባክዎ ይንገሩኝ፣ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ? የትኛውስ ክፍል ይሻለኛል? ለእማዬ ገና አልነገርኳትም። የወታደር ወሬ ሲጀመር ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ወደ ጓዳ እንደምትገባ ያውቃሉ። እስክወስን በእኔና በእርስዎ መሃል ይቆይልኝ።

ዕድሜዎን እንደ ባሕርዎ ያስፋልዎ።

ልጅዎ ሚካል


ጅቡቲ
መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ የልጅ ልጅ፣ ለኢንጂነር ሚካል፤

እንኳን አዲሱን ዓመት በጤና አደረሰሽ። የመረቀሽ ዩኒቨርሲቲ ብቻ እንዳይሆን እኔም በበኩሌ መርቄሻለሁ፤ እጅሽ የነካው ሁሉ ይዙር። ደብዳቤሽ የዘገየው ደገፋ ጠረፍ ላይ ወረፋ ይዞት ነው። ሽሮው ደርሶኛል፤ እናትሽ እጇ ይባረክ። "ጀለሶቼ" ያልሻቸው ምንድን ናቸው ብዬ ደገፋን ብጠይቀው ጓደኞች ማለት ነው አለኝ። እኔ የዓሣ ዘር መስሎኝ ነበር።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ባሕርን መጀመሪያ ያየሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በባሕር ኃይል ምልምልነት ወደ ምጽዋ ስንወርድ፣ የጭነት መኪና ላይ ቆሜ ነው። ሰማዩ ወደ ታች የወረደ መሰለኝ። አጠገቤ ያለውን ልጅ "መሬቱ የት ሄደ?" ብዬ ጠየቅኩት። እሱም የደጋ ልጅ ነበርና አንገቱን አስግጎ መሬቱን ይፈልግ ጀመር። ዛሬ በስተርጅናዬ እዚህ ወደብ ላይ የጀልባ ሞተር ስጠግን እውላለሁ፣ ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል ያው ግርምት ይይዘኛል። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ አልለመድኩትም። ሰው የማይለምደው ነገር ጥቂት ነው፣ ልጄ።

የሞተር ክፍሉስ ብትዪ፣ ከታች ነው፣ መስኮት የለውም። ብረቱ ሲነሳ የምትሰሚው በጆሮሽ አይደለም፣ በጥርስሽና በደረትሽ ነው። የመጀመሪያው ቀን አልቅሻለሁ። ውዬ ሳድር ሞተሩ ሲያመው ከድምፁ ማወቅ ጀመርኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ዛሬም በቃል ልነግርሽ አልችልም። ከላይ ያ ሁሉ ሰው ተኝቷል፤ ያን ሁሉ ሰው በውሃ ላይ የሚያስኬደው አንቺ እጅ ሥር ያለው እሳት ነው።

ፎቶው የማያሳየውንም ልንገርሽ። በሲቪል ሠራተኛነት ብትገቢ ያልተስማማሽ ቀን ደህና ሁኑ ብለሽ ትወጫለሽ። መኮንን ለመሆን ከፈረምሽ ግን አገልግሎትሽን ሳትጨርሺ ይቅርብኝ ማለት የለም። ሂጂ ባሉሽ ቦታ ትሄጃለሽ። ጦርነት ቢመጣ ኢንጂነር ነኝ ብለሽ አታመልጪም። ሥራ ስላጣሽ ብቻ ከሆነ ሌላ በር አንኳኪ። ወረረኝ ያልሽው ነገር እስካሁን አልለቀቀሽ እንደሆነ ግን አስቢበት።

አንድ ነገር አዝሻለሁ። ከእናትሽ ተሰርቀሽ አትሂጂ። አባትሽ ካረፈ ወዲህ ያላት አንቺ ብቻ ነሽ። ስለ ወንድሟ ስለ ወጋየሁ ጠይቂያት፤ እሱን መንገር የእሷ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ባሕሩን የሠራ ጌታ ይጠብቅሽ።

አምሐ


ሀና ማርያም
ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ አምሐ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ቃጠሎው በረድ አለልዎት? እኛስ ደህና ነን፤ ደህንነታችን ግን ትንሽ የተወሳሰበ ነው።

ያዘዙኝን አላደረግኩም። ለእማዬ ልነግራት ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ስለ ጋሽ ወጋየሁ ግን ጠይቄያታለሁ። የምትሰፋበትን ክር በጥርሷ በጠሰችና "ቀረ" አለችኝ። ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም።

እስከዚያው ተመዝግቤ ተፈተንኩ፣ አለፍኩም። የመረጥኩት ባሕር ኃይልን ነው፣ በእጩ መኮንንነት፣ የሞተር ክፍል ኢንጂነር ለመሆን። ቃለ መጠይቁ ላይ "ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?" ሲሉኝ ፈጠን ብዬ "አዎ፣ ሐዋሳን" አልኩ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሻለቃ ከበበው የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ መኮንን ብቻ አልሳቁም። እሳቸው ሠራዊት ሲገቡ ያዩት ትልቁ ውሃ የሰፈራቸው ወንዝ እንደነበር ነገሩኝና "ሐዋሳ ትልቅ ነው፣ አትፈሪ" አሉኝ። ያኔ ነው ማለፌን ያወቅኩት።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣልዎት። ከመግባቴ በፊት የጀርባ ጥናት የሚባል አለ፤ ሰፈር ድረስ ሰው መጥቶ ጠባዬን፣ ቤተሰቤን፣ ውሎዬን ያጣራል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ትሑት ሰዎች፣ በሱፍ ልብስ፣ እትዬ ገዲሴን በር ላይ አገኟት። ልጅቷ ጠባይዋ እንዴት ነው? ከማን ጋር ትውላለች? ትጠጣለች? አባቷ የየት አገር ሰው ነበሩ? ከቤተሰቡ የታመመ፣ የታሰረ አለ? እያሉ ጠየቋት። አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይላሉ? እትዬ ገዲሴ ልጅ ሊያጩ የመጡ ሰዎች መሰሏት። ያለኝንም የሌለኝንም ሙያ ደረደረችላቸው። ዶሮ ወጥዋን የቀመሰ ጣቱን ይቆረጥማል አለቻቸው። እኔ እንቁላል ስጠብስ እንኳ እንደማሳርር እሷ ራሷ ምስክር ናት።

ሰዎቹ ኅዳር 21 እሁድ ደግሞ እናቷን እናነጋግራለን ብለዋት ሄዱ። እትዬ ገዲሴ ነጠላዋን እየጎተተች መጥታ ለእማዬ አበሠረች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሌላ ሆኗል። እማዬ የሰው ዩኒፎርም አቁማ መጋረጃ እየሰፋች ነው። ግድግዳው ተቀብቷል። የዕድራችንን ሊቀመንበር አቶ ማኑሄን በእኛ ወገን እንዲቀመጡላት ለምናለች። ልጁ ማን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። "ማንም ይሁን፣ በወጉ መምጣታቸው ነው ደስ ያለኝ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝ። ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ትናንት መጋረጃውን ስትሰፋ ታንጎራጉር ነበር። ይህን ደስታ በየትኛው አፌ ላፍርሰው?

ለእርስዎም ጥያቄ አላት። እንደ አባት ሆነው የፈቃድ ቃል ጽፈው ይላኩልኝ ብላለች።

ምን ላድርግ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

ሚካል


ጅቡቲ
ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለሚካል፤

የሰላምታውን ወግ ለሌላ ጊዜ አቆየሁት። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ወደብ ላይ ያሉት ሁሉ እስኪያዩኝ። ቀጥሎ እናትሽ አንጎራጎረች የሚለው ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ይህ በደረሰሽ ሰዓት፣ የያዝሽውን አስቀምጠሽ ንገሪያት። ሰዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ከአንቺ አፍ ትስማ። ለሌላ ሰው ሽማግሌ መጣ ማለት ሠርግ ነው። በእህቴ ቤት፣ እናትሽ ባደገችበት ቤት፣ ሽማግሌ ማለት ሌላ ነገር ነበር። የፈቃድ ቃልም አልጽፍም፤ ያልተጠየቀ ሰው አይፈቅድም።

አምሐ


ሀና ማርያም
ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለአባባ አምሐ፤

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ሰላም እላለሁ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ደገፋ መኪናው አዋሽ ላይ ተበላሽቶበት ሰንብቷል። እሱን አልወቅስም፤ ደብዳቤ ባይመጣም ማድረግ የሚገባኝን አውቅ ነበር።

እሁድ ከሰዓት በኋላ መጡ። እማዬ አዲሱን መጋረጃ ሰቅላ፣ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ አቶ ማኑሄንና እትዬ ገዲሴን ግራና ቀኝ አስቀምጣ ትጠብቃለች። በሩ ሲከፈት ሻለቃ ከበበውን አየሁ፤ ሲቪል ለብሰዋል፣ አንድ ወጣት አስከትለዋል። ተቀመጡ ሲባሉ ወዲያው ተቀመጡ። እማዬና አቶ ማኑሄ ተያዩ። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እንዲህ ቶሎ አይቀመጥም።

ሻለቃው ልጅዎ የጠየቀችውን ቤተሰብ ያውቅ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው የመጣነው ብለው ጀመሩ። እማዬ በእኛ አገር የሚጠይቀው ወንዱ ነው ብላ ፈገግ አለች። አቶ ማኑሄ ተቀብለው ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩ የት እንደሆነ፣ ሥራ ያለው እንደሆነ ጠየቁ። ወጣቱ ወረቀቱን ገለጠና "የትኛው ልጅ?" አለ። እኔ በጓዳው በር ላይ ቆሜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እል ነበር።

ነገሩ የገባው ለሻለቃው ነው። ቀስ ብለው "እናቴ፣ እኛ ከመከላከያ ነን። ሚካል ባሕር ኃይል ለመግባት አመልክታለች" አሏት።

እማዬ ወደ እኔ አልዞረችም። ብትጮህ፣ ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ የተናገረችውን ቃል በቃል ልጻፍልዎ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም።

"ወንድሜ ወጋየሁ ከኮሌጅ በወጣ በዓመቱ ዘመተ። ሠራዊቱን አልወቅስም፣ ማንም አልወሰደውም፤ ራሱ ነው አጥር ዘሎ የሄደው። እናቴን ግን ልጅሽን ስጪን ያላት ሰው የለም። ሽማግሌ ቤታችን የመጣው አንድ ቀን ብቻ ነው። ጎህ ሳይቀድ፣ በሩን ቀስ አድርጎ አንኳክቶ፣ ሊያረዳን። እናቴ እስክትሞት ድረስ ‘ሲሞት ከነገሩኝ ሲሄድ ምን ነበር ቢጠይቁኝ’ ትል ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ ልጅሽ እየጠየቁ ነው ሲሉኝ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። የእኔን ልጅስ በቀን በብርሃን፣ በወግ ሊጠይቁኝ መጡ ብዬ ነው።"

ሻለቃው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወጣቱም ተከትሎ ተነሳ።

"ታዲያ ምን እናድርግ፣ እናቴ?"

"ሂዱ። ልጄን ከፈለጋችሁ በወጉ ጠይቁኝ።"

እጅ ነስተው ወጡ። በሩ ላይ ወጣቱ ለዚህ የሚሆን ፎርም የለንም እኮ ሲላቸው ሰምቻለሁ።

አባባ፣ እናቴን እንደዚያ ቀን አይቻት አላውቅም። እኔ የማውቃት ስፌት ላይ ጎንበስ ያለችውን፣ የወረዳ ጸሐፊ ሲቆጣት እንኳ አንገቷን የምትደፋውን ነው። መንግሥትን ሂድና በወጉ ተመለስ ያለችው ሴት ከየት መጣች? የዚያ መርከብ ሞተር እንኳ እንደሷ አላስደነገጠኝም። ሃያ ሦስት ዓመት አብሬያት ስኖር ከማን ጋር እንደምኖር አላወቅኩም ነበር።

እኔን እስካሁን አላናገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ልብሴን ታጥፋለች። የመግቢያው ጊዜ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ሻለቃው ይመለሱ እንደሆነ አላውቅም፤ መሥሪያ ቤት ሽማግሌ አይልክም። አሁን ከእርስዎ የምፈልገው እናቴን እንዲያሳምኑልኝ አይደለም። ያላትን ሰምቻለሁና እምቢ ካለች አልሄድም፤ አጥር አልዘልም። ብቻ እሺም እምቢም ከማለቷ በፊት እንደምትፈልገው ትጠየቅ። የሚጠይቅልኝ ሰው ግን የለኝም።

ልጅዎ ሚካል


ጅቡቲ
ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለሸዋረገድ፤

እንደምን ከርመሻል፣ ሸዋዬ? ቤትሽ፣ ደጅሽ፣ የያዝሽው መርፌ ሳይቀር ሰላም ይሁንልሽ።

ይህን የያዘው ደገፋ ነው። ተቀመጥ ብትዪው አይቀመጥም፤ ቆሞ እንዲያነብልሽ አዝዤዋለሁ። ሻለቃውንም ፈልጎ እንዲያገኛቸው ነግሬዋለሁ፣ መምጣት አለመምጣት የእሳቸው ነው። ራሴ መምጣት ነበረብኝ። ሐኪሙ ልብህ የአዲስ አበባን ዳገት አይችልም ስላለኝ እግሬን ከደገፋ ተውሼ ነው።

እኔ የእናትሽ ወንድም ነኝ፤ ዛሬ ግን ከጠያቂ ወገን ነኝ። ልጅሽን ሚካልን ለባሕር ኃይል እንድትሰጪን በቆምንበት እንለምንሻለን።

ጠያቂ የሙሽራውን ነውር ይደብቃል፤ እኔ አልደብቅም። ሙሽራው ባሕር ኃይል ይባላል እንጂ ባሕር የለውም፤ ሰውም ይስቅበታል። ዓመት በዓል አያውቅም። ቁጡ ነው። ያገባትን ወዳሻው ይልካታል፤ መቼ እንደምትመለስም አይነግርሽም። በጤና ትመለሳለች ብዬ አልምልልሽም። እንዲህ ብሎ የሚምልልሽ ሰው ከመጣ ከደጅሽ አባርሪው። ወጋየሁን እኔም አልቅሼዋለሁ፤ እዚህ፣ ለብቻዬ፣ የሚያጽናና ሰው በሌለበት አገር።

መልካሙንም ስሚ። ይህች ልጅ አንድ ነገር አይታ ደንግጣለች። በዕድሜዬ ከፍርሃት የሚደነግጥ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ከነገሩ ትልቅነት የሚደነግጥ ጥቂት ነው። እኔን እንደዚያ አድርጎኛል። አገሬን አጥቻለሁ፣ ጆሮዬን አጥቻለሁ፣ ያን ድንጋጤ ግን ማንም አልወሰደብኝም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳኝ እሱ ነው። ለልጅሽ የምመኝላት ማዕረግ አይደለም፣ ይህንን ነው።

እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም። ለእህቴ ያልደረሰላትን ጥያቄ ለአንቺ አድርሻለሁ። መልሱ የአንቺ ነው።

በደጅሽ የቆመው አጎትሽ
አምሐ


ሀና ማርያም
ሚያዝያ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጋሼ ለአምሐ፤

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ልብዎ ዳገቱን ባይችልም ደብዳቤዎ ችሎ ደርሷል። መልስ ሳልሰጥ ይህን ሁሉ ጊዜ የቆየሁት ቃል አጥቼ አይደለም፤ እጄ ለመጻፍ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ልጅቷ መግባቷን ከደገፋ ሰምተዋል፤ እንዴት እንደሰጠኋት ግን ከእኔ ይስሙ።

ያን ዕለት ደገፋ ብቻውን አልመጣም። ሻለቃ ከበበው የማዕረግ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጋቢ የደረቡ ሁለት ጡረተኛ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። መሥሪያ ቤቱ አልላከኝም፣ እንደ ልጅ አባት ሆኜ በራሴ ነው የመጣሁት አሉ። ተቀመጡ ብላቸው አራቱም እምቢ አሉ። ደገፋ ወረቀቱን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ሙሽራው ባሕር የለውም የሚለው ላይ ሲደርስ ገዲሴ በሳቅ ፈረሰች፣ ሻለቃውም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሲያነብ የሳቀ የለም።

ብዙ አቆምኳቸው ጋሼ። ለእናቴ መቆም የነበረባቸውን ሰዎች ያህል አቆምኳቸው። ሻለቃው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዛውሩ አይቻለሁ። እኔ የሰፊ ልጅ፣ እኔም ሰፊ፣ በእኔ ቤት እነዚህ ትልልቅ ሰዎች ስለ ልጄ ቆመው ሳይ ተገረምኩ። እናቴ ይህን ሳታይ መሞቷ ቆጨኝ። ከዚያ ሰጥቻለሁ አልኳቸው። ሠርግ ላይ የሙሽሪት ወገን የሚያስረው ቃል አለ አይደል? እኔም አሰርኩ።

"ሰጥቻለሁ። ግን ከእናንተ ወገን ማንም ሰው፣ ለደግ ሆነ ለክፉ፣ ፀሐይ ሳትወጣ በሬን እንዳያንኳኳ።"

ሻለቃው ዓይናቸውን ሰበሩ፤ ቃላችን ነው አሉኝ። ያን ጊዜ ተቀመጡ፣ እህልም ቀመሱ።

እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ። ባሕሩን ገና አላየችውም፤ የሥልጠናው መጀመሪያ ሩጫና ጭቃ ነው ብላ ጽፋልኛለች። ጭቃውንማ ከሰፈሯ ለምዳዋለች። እኔ ግን ቃል አስሬም ቢሆን ጎህ ሲቀድ መንቃት አልተውኩም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ቁጭ እላለሁ፣ የሰው ኮቴ እስኪያልፍ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ፀሐይ ስትወጣ ሥራዬን እጀምራለሁ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ የግቢውን በር ከፈትኩ። ሌሊቱን ሲያካፋ ነው ያደረው፤ ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነበር። በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ተቀምጧል፣ ሻንጣውን ታቅፎ። በሩን ያዝኩት። ቀና ስትል ሚካል ናት። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ ትከሻዋ ሰፍቷል። ለፋሲካ ፈቃድ ተሰጥቷቸው አውቶቡሱ ሌሊቱን ተጉዞ ጎህ ሳይቀድ ለቡ ላይ አውርዷታል። ልብሷ እስከ ውስጥ ርሷል፤ ከንፈሯ በብርድ ይንቀጠቀጣል።

"ለምን አላንኳኳሽም?" አልኳት።

"ፀሐይ አልወጣችም ነበር" አለችኝ። "እኔም እኮ አሁን ከእነሱ ወገን ነኝ፣ እማዬ።"

የእህትዎ ልጅ
ሸዋረገድ